ግራፍ ብቻውን አይናገርም

ቁጥርን በመስመር፣ በነጥብ፣ በዐምድና በቀለም ለዓይን የማሳየት ሥራ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ዳታ ቪዥዋላይዜሽን የሚባለው፣ በኢትዮጵያ የጤና፣ የአየር ጠባይና የሥነ ሕዝብ ተቋማት ውስጥ የዕለት ተዕለት ተግባር ሆኗል፤ ከሥራው ጋር አብሮ የገባና ዛሬ እምብዛም የማይጠየቅ አስተሳሰብም አለ። አስተሳሰቡ እንዲህ የሚል ነው፦ ግራፍ ዓለም አቀፍ ቋንቋ ስለሆነ ማንም አይቶ ይረዳዋል፤ ግራፉን የሚሠሩት ሶፍትዌሮች በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ፣ ተጠቃሚዎቻቸውም እንግሊዝኛ የተማሩ ስለሆኑ የሙያውን ቃላት በአማርኛ መወሰን ትርፍ ድካም ነው፤ የጎደለ ቃል ቢኖርም ጊዜውን ጠብቆ በአጠቃቀም ይመጣል። ሦስቱም ሐሳቦች ስሕተት ናቸው፤ ስሕተታቸውም በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ውሳኔ የሚሰጥበት ስሕተት ስለሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

ጉዳዩን በቅርብ ለመመርመር የአዲስ አበባው የልደታ ክፍለ ከተማ ጥሩ ቦታ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ መቀመጫ የሆነው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማዋን የካንሰር ሕሙማን የሚመዘግበው የካንሰር መዝገብም በሆስፒታሉ ውስጥ ይሠራል። በዚያው ክፍለ ከተማ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት አለ። በችሎቱ ፊት የሚቆም ጀማሪ ጠበቃ እንኳ መረጃንና ማስረጃን አያምታታም፤ መረጃ ከየትም የተሰማና የደረሰ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ማስረጃ ግን በሕግ ሚዛን ተመዝኖ አንድን ፍሬ ነገር የሚያስረዳው ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ የተናገረ ሰው ወዲያው ይታረማል። በሆስፒታሉና በጤና ቢሮዎቹ በኩል ግን ያው መረጃ የሚለው ቃል ከመዝገብ የተገለበጠውን ጥሬ ቁጥር፣ ቁጥሩ ተጠናቅሮ የሰጠውን ትርጉም፣ አልፎ አልፎም ለውሳኔ የሚበቃውን ማስረጃ ሁሉ ያለ ልዩነት ተሸክሟል። ጤና ሚኒስቴር የመረጃ አብዮት የሚል መርሐ ግብር ይዞ በተነሣበት ዘመን የአብዮቱ ስም የሆነው ቃል ራሱ ሦስት ፍቺ ይዞ መቅረቱ ችግሩ ከሥር እንደሚጀምር ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ ጥሬው ቁጥር ዳታ ይባላል፤ ቃሉ ባዕድ ቢሆንም አንድ ነገር ብቻ ስለሚል።

ግራፍ ራሱ ይናገራል የሚሉት ወገኖች ምልክት ያለ ስሙ ምን ያህል ዲዳ እንደሆነ የሚያስረዳ የቆየ ምሳሌ በገዛ ቤታቸው አላቸው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መጻሕፍት ከፊደሉ በላይ የሚሰፍሩት ምልክቶች ድምፅን ለዓይን የሚያሳዩ ሥዕሎች ናቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናትና ቁርጥ እያለ በመምህር እግር ሥር ያልተማረ ሰው ድጓውን ገልጦ ቢመለከት ነጥብና ሰረዝ ያያል እንጂ ዜማ አይወጣለትም። ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው የተሻገረ የዜማ ተማሪ ከአዲሱ መምህሩ ጋር የሚግባባው የምልክቱ ስምና ስሙ የሚያዘው የድምፅ አካሄድ አስቀድሞ የጋራ ስለሆነ ነው። በግራፍ ላይ ቁልቁል የሚወርድ መስመርም ያለ ስም እንደዚያ ምልክት ነው፤ የወባ ሞት መቀነሱን ሊያሳይ ይችላል፣ ሞትን የሚያሳውቁ ጤና ጣቢያዎች ሪፖርት ማቆማቸውንም ሊያሳይ ይችላል፣ ሁለቱ መስመሮች ደግሞ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። የሚለያቸው በቋሚው ዘንግ አጠገብ የተጻፈው ቃል ብቻ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከታወቀ በኋላ ሕዝቡ በየቀኑ ካያቸው ቁጥሮች መካከል እየተደመረ የሚሄደው ጠቅላላ ቁጥርና የዕለቱ ቁጥር ይገኙበት ነበር፤ የመጀመሪያው በባሕርዩ ሊወርድ የማይችል፣ ሁለተኛው የሚወጣና የሚወርድ ነው፤ ይህን ልዩነት የሚገልጽ የጠራ ቃል ያልተሰጠው ተመልካች ወረርሽኙ መቼ እንደበረደ ከመስመሩ ሊያነብ አይችልም።

ከዚህ የከፋው ቃሉ ኖሮ ሲያሳስት ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች መሠረት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች ቁጥር በ2003 ዓ.ም. ጥናት 676፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 412 ሆኖ ተገምቷል። ሁለቱን ቁጥሮች በዐምድ ግራፍ ጎን ለጎን ያቆመ ሰው የማያጠራጥር ታላቅ ቅናሽ ያያል። ነገር ግን ጥናቶቹ የተሠሩት ከመላው ሕዝብ በተመረጡ ቤተሰቦች ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ ቁጥር የሚዋልልበት ክልል አለው፤ የመጀመሪያው ከ541 እስከ 810፣ የሁለተኛው ከ273 እስከ 551 ይደርሳል፤ የአንዱ ታችኛ ጫፍ ከሌላው ላይኛ ጫፍ ጋር በጥቂቱ ይደራረባል። ቅናሹ የለም ማለት አይደለም፤ መጠኑ ግን ዐምዶቹ ብቻቸውን እንደሚያሳዩት የተቆረጠ አይደለም። ሶፍትዌሮቹ ይህን ክልል በዐምዱ አናት ላይ በቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ያሳያሉ፤ መስመሩን የሚጠሩት ኤረር ባር ብለው ነው፤ ቃል በቃል ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው የስሕተት መስመር ይለዋል። በአማርኛ ደግሞ ስሕተት ባለቤት ያለው፣ የሠራው ሰው የሚጠየቅበት ጥፋት ነው። ስሕተት የሚል ቃል የተጻፈበት ግራፍ የቀረበለት ኃላፊ ስሕተቱ ለምን እንዳልታረመ ቢጠይቅ በቋንቋው አግባብ ትክክል ነው፤ ይህን የሚፈራ ባለሙያም መስመሮቹን አጥፍቶ ማቅረብ ይቀለዋል፤ ከመስመሮቹ ጋር የግራፉ እውነተኛነት ይጠፋል። የግምት ክልል የሚል ስም ቢሰጠው ያው መስመር ማንንም ሳያስደነግጥ ሥራውን ይሠራ ነበር። ይህን ቃል የሚመርጥና የሚያጸድቅ አካል የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አቅራቢ በየስብሰባው የራሱን ቃል ይፈጥራል፣ አድማጩም በየስብሰባው አዲስ ቋንቋ ይማራል።

እንግሊዝኛ ይበቃል የሚለው ክርክር በሁለት በኩል ይወድቃል። አንደኛ፣ እንግሊዝኛው ራሱ በሶፍትዌሮቹ መካከል አልተስማማም። በኤክሴል ዐምዱ ከታች ወደ ላይ ከቆመ ኮለም፣ ወደ ጎን ከተኛ ባር ይባላል፤ በሌሎች ፕሮግራሞች ሁለቱም ባር ናቸው። አር በሚባለው የስታትስቲክስ ቋንቋ የሚሠራበት ጂጂፕሎት ደግሞ ባርንና ኮልን በሌላ ምክንያት ይለያቸዋል፤ የመጀመሪያው ዳታው ውስጥ ስንት መዝገብ እንዳለ ራሱ ቆጥሮ ሲሥል፣ ሁለተኛው ተቆጥሮ የተሰጠውን ቁጥር እንዳለ ይሥላል። ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ያላቸውን የሳይንስ ዳታዎች፣ ለምሳሌ የፈሳሽን ፍሰት ወይም የአካልን ውስጣዊ ክፍል፣ በሚያሳዩት ፓራቪውና ቪዚት በተባሉት ሶፍትዌሮችም ከአንድ አካል ላይ ስስ ቅጠል ቆርጦ የማሳየቱ ተግባር በአንደኛው ፊልተር፣ በሌላው ኦፕሬተር ይባላል። ሊላንድ ዊልኪንሰን በ1999 እ.ኤ.አ. የግራፍን ሰዋስው የሚያትት መጽሐፍ ያሳተመው፣ ሃድሊ ዊክሃምም ጂጂፕሎትን በዚያ ሐሳብ ላይ የገነባው እንዲህ ያለውን የስም ብዛት ወደ ጥቂት የጋራ ጽንሰ ሐሳቦች ለመመለስ ነበር። ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው፤ ያለ መሰላል ሰገነት ላይ የወጡት ግን ጥቂቶች ናቸው። የአየር ጠባይ ሳይንቲስቶችም እንግሊዝኛ እያወቁ በቋንቋው ብቻ አልታመኑም፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠሩበት ሲኤፍ የተባለ ስምምነት እያንዳንዱ ተለኪ ነገር የተወሰነ ስምና መለኪያ ተሰጥቶታል፤ በዚህም ምክንያት በአንድ ቀን መሬት ላይ የተጠራቀመው የዝናብ ከፍታና ዝናቡ በሰከንድ የሚወርድበት ፍጥነት በአንድ ካርታ ላይ አይቀላቀሉም። በአማርኛ ሁለቱም የዝናብ መጠን ናቸው።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። በኢትዮጵያ የጤና ጥናት ሕግ ሆኖ የቆየ አንድ ጥሩ ልማድ አለ፤ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል፣ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሌላ የአገር ቋንቋ ይተረጎማል፣ ከዚያም የመጀመሪያውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ካልተስማሙ ትርጉሙ ይታረማል። ይህ ጥንቃቄ የሚደረገው ቃል ሲለወጥ መልሱ እንደሚለወጥ ስለሚታወቅ ነው። የሚያስቆጨው ጥንቃቄው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው። እናቲቱ በአማርኛ የመለሰችው በእንግሊዝኛ ተመዝግቦ፣ በእንግሊዝኛ ሶፍትዌር ተሥሎ፣ በወረዳው ስብሰባ ላይ በአማርኛ ሲብራራ ማንም መልሶ አይተረጉመውም፤ አቅራቢው በአፉ የመጣለትን ይላል። ባለሙያዎቹ እንግሊዝኛ ያውቃሉ የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው፤ ግራፉን የሚሠራው ያውቃል፣ ግራፉን አይቶ በጀት የሚያዛውረው የወረዳ ምክር ቤት አባል፣ በየቤቱ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና የማኅበረሰቡ ተወካይ ግን የሚከራከሩት በአማርኛ ነው። ውሳኔው የሚሰጥበት ቋንቋ ቃል የሌለው ከሆነ ሶፍትዌሩ የተገዛበት ዓላማ ሳይፈጸም ይቀራል።

ቀደም ሲል የተጠቀሰው የእናቶች ሞት ቁጥር ለዚህም ጥሩ ምስክር ነው። በሥነ ሕዝብ ሙያ ሁለት የተለያዩ ስሌቶች አሉ፤ አንደኛው የሞቱትን እናቶች በሕይወት ለተወለዱ ሕፃናት ቁጥር የሚያካፍል ሲሆን በእንግሊዝኛ ሬሾ ይባላል፣ ሁለተኛው በመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ቁጥር የሚያካፍልና ሬት የሚባል ነው። የመጀመሪያው አንድ እርግዝና ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን ሴቶች ስንት ጊዜ እንደሚወልዱም ስለሚያካትት የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ሲስፋፋ የወሊድ ክፍሉ ሳይሻሻል እንኳ ሊወርድ ይችላል። በአማርኛ ሪፖርቶች ሁለቱም የሞት ምጣኔ ወይም የሞት መጠን ሲባሉ ይታያል፤ ምጣኔ የሚለው ቃል በቤተሰብ ምጣኔና በምጣኔ ሀብት ውስጥም ሌላ ሥራ እንዳለው ሳይዘነጋ። በአንደኛ ደረጃ የሂሳብ ትምህርት ንጥጥር የሚል ለሬሾ የሚሆን ቃል አለ፤ ተማሪው ከክፍል ሲወጣ ጥሎት ይወጣል፣ ቢሮ ሲገባ አያገኘውም። አማካይ የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። አሥር ሕሙማን ሆስፒታል ተኝተው ዘጠኙ በሦስት በሦስት ቀን፣ አንዱ በ63 ቀን ቢወጡ፣ ድምሩን ለአሥር ያካፈለ ሰው 9 ቀን ያገኛል፣ በቅደም ተከተል ደርድሮ መሐል ላይ ያለውን የመረጠ 3 ቀን ያገኛል፤ ሁለቱንም አማካይ ብሎ የሚያቀርብ አለ፤ በ9 እና በ3 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የአልጋ እጥረትን በሚመለከት ሙሉ በሙሉ የተለየ ዕቅድ ያስወጣል።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ የውጭው ሶፍትዌር የማያውቀው፣ የውስጡም ሰው ስለለመደው የማያየው ችግር ስለሆነ። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶቹ ዳታ ቀኖችን የሚመዘግበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን ወራትን ከ1900 መጀመሪያ ጀምሮ ባለው ተከታታይ ቁጥር ይገልጻቸዋል፤ ዳታውን ከሌላ አገር ጋር ለማነጻጸር የፈለገ ተመራማሪ በእያንዳንዱ ቀን ላይ 92 ወራት፣ ማለትም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር፣ መደመር አለበት። ይህን ያልደመረ ሰው ሶፍትዌሩ አይቆጣውም፤ በጸጥታ የተሳሳተ መስመር ይሥልለታል። ያው ጥናት በአንዱ ግራፍ 2008፣ በሌላው 2016 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ከሌለ በሁለት ወረቀት ላይ ያሉ ሁለት የተለያዩ ጥናቶች ይመስላሉ። ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስላላት እንደ ሙሉ ወር በተሠራ ግራፍ ላይ ብቻዋን ከቆመች የሕሙማኑ ቁጥር በዓመቱ መጨረሻ የወደቀ ይመስላል፤ ከነሐሴ ጋር ከተደመረች ደግሞ ነሐሴ ታብጣለች፤ የትኛው እንደተደረገ የሚገልጽ የተወሰነ አነጋገር ያስፈልጋል። ክረምት የሚለው ቃል እንኳ አንድ ወሰን የለውም፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ሲሆን፣ በአየር ጠባይ ባለሙያዎች ካርታ ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 የሚውሉት የፈረንጆቹ አራት ወራት ናቸው። የክረምት ዝናብ የሚል ርእስ ያለው ካርታ የተሰጠው ገበሬና ካርታውን የሠራው ባለሙያ የአንድ ወር ገደማ ልዩነት ይዘው አንድ ቃል ይናገራሉ።

ቃሉ በጊዜው ይመጣል የሚሉትን የአማርኛ ጽሕፈት በኮምፒውተር ያለፈበት መንገድ ይመልስላቸዋል። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው ለፊደሎቹ የራሳቸውን የውስጥ ቁጥር በሰጡበት ዘመን በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅ ይሆን ነበር። ጊዜ ይህን አልፈታውም፤ እንዲያውም ጊዜ በረዘመ ቁጥር በየቢሮው የተከማቸው የማይከፈት ጽሑፍ በዛ። የፈታው ሰዎች ተቀምጠው ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል አንድ ቁጥር መወሰናቸውና በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደሉ በዩኒኮድ ውስጥ መግባቱ ነው። ዛሬ ፊደሉ የጋራ ቁጥር አለው፣ በፊደሉ የሚጻፈው የሙያ ቃል ግን ፓወር ግዕዝ በነበረበት ዘመን ላይ ቆሟል።

በሌላው ጫፍ የቆሙትን፣ ባዕድ ቃል ሁሉ በግዕዝ ሥር በተፈጠረ ቃል ይተካ የሚሉትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ግራፍ፣ ካርታና ፐርሰንት አማርኛ ሆነዋል፤ እነሱን ማስወጣት ጉልበት ማባከን ነው። የሚፈለገው የቃሉ ዘር ሳይሆን ፍቺው አንድ መሆኑ ነው። ቃል ሊፈጠር አይችልም የሚሉትም ቢሆኑ ወዛደር የሚለውን ቃል ያስታውሱ፤ በአብዮቱ ዘመን የተፈጠረው ይህ ቃል በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በቀበሌ ስብሰባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገር አዳርሷል፤ ሥራውን የሚሠራ ተቋምና ቃሉ የሚነገርበት መድረክ ነበረውና። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ሥራው ትልቅ ነው፤ ዕጣው ግን በመደርደሪያ ላይ መቅረት ሆነ፤ ባለሙያው በሚሠራበት ስክሪን ላይ አልወጣምና።

የጋራ መዝገበ ቃላት ቦታው እንግዲህ ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው። ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የአገሪቱን የጤና ሪፖርት የሚሰበስበውና ግራፍ አድርጎ የሚያሳየው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚቀበል፣ የመለኪያዎቹንም ስም በሌላ ቋንቋ ለመጻፍ የሚፈቅድ ነው፤ መቀመጫው ተዘጋጅቷል፣ የሚቀመጥበት ግን አልመጣም። የዚህ ሥርዓት አመጣጥ ራሱ ትምህርት አለው። ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ሥራው ሲጀመር ከፕሮግራሙ ጋር እኩል የደከሙበት ነገር በዘር የተከፋፈሉት የጤና አስተዳደሮች አንድን ነገር በአንድ ስምና በአንድ ፍቺ እንዲቆጥሩ ማስማማት ነበር። የጥቁር አንበሳው የካንሰር መዝገብም የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሐኪሙ ሕመሙን በየትኛውም ቋንቋ ቢጠራው በዓለም አቀፉ የካንሰር አመዳደብ ሲ 50 ጡት፣ ሲ 53 የማሕፀን ጫፍ ስለሆነ የአዲስ አበባው ግራፍ ከካምፓላው ጎን ሊቆም ይችላል። የግራፍ ቃላትም እንዲሁ ሊሠሩ ይገባል፦ መጀመሪያ ጽንሰ ሐሳቡ ቁጥርና ጥርት ያለ ፍቺ ይሰጠው፣ ከዚያም በቁጥሩ ሥር የአማርኛው፣ የኦሮምኛው፣ የትግርኛው፣ የሶማልኛውና የአፋርኛው ቃል ይጻፍ። እንዲህ ከሆነ አማርኛ በሌሎች ላይ ተጫነ የሚል ቅሬታ መነሻ አያገኝም፤ አንድ የጅግጅጋ ጤና ጣቢያና አንድ የልደታ ጤና ጣቢያ በየቋንቋቸው እየተናገሩ ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ።

ለዚህ ሁሉ ታላቅ ጉባኤ መጠበቅ አያስፈልግም። የጥቁር አንበሳ የሕብረተሰብ ጤና መምህራን የተማሪዎቻቸውን መጠይቅ መልሶ ሳይተረጎም አያጸድቁም፤ ያንኑ ሥልጣናቸውን ተጠቅመው በእያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ አንድ ገጽ እንዲጨመር ሊያዝዙ ይችላሉ፤ በገጹ ላይ የግራፎቹ ርእስ፣ የዘንጎቻቸው ስም፣ መለኪያቸውና የዘመን አቆጣጠራቸው በአማርኛ ይጻፍ፣ የመጀመሪያውን ያላየ ሰውም መልሶ ይተርጉመው። የቋንቋዎች አካዳሚው በዚያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ገጾቹን ሰብስቦ ማመሳከር የሙያው ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎትና ጤና ሚኒስቴር ደግሞ የተመሳከረውን ወደ ሶፍትዌሩ ያስገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ጽሑፋቸውን የሚያቀርቡት ተማሪዎች መጠይቃቸውን ዛሬ በማስተርጎም ላይ ናቸውና፣ መምህራኑ ያቺን አንድ ገጽ ከአሁኑ ይጠይቁ።